የጤና ጣቢያችን 11 ቁጥር ክፍል

አምና አንድ ለቅሶ ቤት ጎረቤቴን በሰው ፊት አሳፈርኩት። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን አየሁና የ5 ወር ውዝፍ አለበት አልኩ። ሰብሳቢያችን ድንኳን ውስጥ ሰው እየሰማ ጠየቀው። ሰውየው ምንም አልመለሰም። በማግስቱ ደረሰኞቹን በሙሉ ይዞ ቤቴ መጣ። 8 ወር ከፍሏል። እኔ 8ን 3 ብዬ ነው ያነበብኩት። የጻፍኩት እኔ፣ ያነበብኩትም እኔ። 34 ዓመት በሂሳብ ሥራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የገዛ እጄን 8 አጣሁት።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የጤና ጣቢያ ክፍል ነው እንጂ ስለ እድር አይደለም። ግን ከዚህ ካልጀመርኩ ለምን እንደሄድኩ አይገባችሁም።

ዓይኔ እንዲህ ነው። ሰው ሳይ ጆሮው፣ ኮፍያው፣ ኮሌታው ይታየኛል። ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ግን አመድ የተነሰነሰ ይመስላል። የመብራት እንጨት ሳይ ወገቡ ላይ ይጎብጥብኛል። ዳር ዳሩ ደህና ስለሆነ መንገድ ላይ አልደናቀፍም፤ ስለዚህ ሰው መታመሜን አያውቅም። የሚያውቀው ሰላም ሳልለው ማለፌን ነው። "ጡረታ ሲወጣ ኮራ" ተባልኩ። ገቢው ሲቀንስ የሚኮራ ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙ ይቅር። መሣሪያቸው ጥሩ ነው፤ ዓይኔን ውስጡ ድረስ ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ የተጎዳው ማኩላ የሚባለው የሬቲና፣ ማለት ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ መሃል እንደሆነ ነገረኝ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ ዓይነቱም ደረቅ የሚባለው። "መነጽር አይጨምርልዎትም። የሚመልሰው መድኃኒትም የለም" አለና ቀጣዩን ሰው አስጠራ። ስህተት አልተናገረም። የኔ ቅሬታ እዚያ ላይ አራት ነጥብ ማድረጉ ነው። ነጠላ ሰረዝ አድርጎ ቢተወው ኖሮ 7 ወር ሙሉ ሬዲዮ ስሰማ አልከርምም ነበር።

11 ቁጥርን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። በየወሩ ለደም ግፊት ክትትል ሰፈራችን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ግፊት የምትለካኝ ልጅ ካርዴን ስታቀብለኝ እጄ በጎኑ አለፈ። "ዓይንዎ እንዴት ነው?" አለችኝ። "አርጅቷል" አልኳት። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገችና "11 ቁጥር ይግቡ" አለች። የጤና ጣቢያውን ስም የማልጽፈው ሰው እንዳይሄድ አይደለም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አግዳሚ ወንበሯም አንድ ነው። ወረፋው እንዳይበዛብኝ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣታለሁ። አንዱን ለምን እንዳስቀረሁ ኋላ ትሰማላችሁ።

ክፍሏን የያዘችው አንዲት የዓይን ነርስ ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። እሷ ደግሞ "አባባ" ትለኛለች። 67 ዓመቴ ነው። ቃሉን ገና አልለመድኩትም። ይሁን።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ የዞረ የፈረንጆቹ ኢ ፊደል ብቻ ነው ያለበት። አቅጣጫውን በእጅ ማሳየት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይለካበታል። ርቀቱ 6 ሜትር መሆን አለበት። ክፍሏ 6 ሜትር አትሞላም። ስለዚህ በሩ ተከፍቶ እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በመሃል ሽንት ለምርመራ የያዘ ሰው ሁሉ ያልፋል። "ምንም አይታየኝም" አልኳት። ክሊኒኩ ውስጥ እንዲህ ስል ወደሚቀጥለው ምርመራ አልፈው ነበር። ሲስተር አላለፈችም። "ላይኛዋን ትልቋን ብቻ ይፈልጓት። አይቸኩሉ።" ፈለግኳት። ብቅ አለች። "ወደ ታች" አልኩ።

"አሁን ምን አደረጉ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ዓይንዎን ወደ ግራ ሸሸት አደረጉ።"

ለካ መሃሉ ሲጎዳ ዓይን ራሱ በጎን በኩል ጤነኛ ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰው ሳያውቀው ያገኘዋል፤ አንዳንዱ ማሳየት ይፈልጋል። አውቆ ለማድረግ ግን ልምምድ ነው። ሲስተር ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና "ፊቴን የግድግዳ ሰዓት ነው ብለው ያስቡ። አፍንጫዬን አይዩ። 2 ላይ ይዩ" አለችኝ። በፈረንጅ ነው በሐበሻ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። "የተጻፈው ቁጥር ላይ።" ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8 እያልን ዞርን። 10 ላይ ስደርስ ቅንድቧ ወጣ፣ ከዚያ አፏ፣ ከዚያ አገጯ ላይ ያለች ጠቃጠቆ። በ7 ወር ውስጥ በቅጡ ያየሁት የመጀመሪያ ፊት የማላውቃት ነርስ ፊት ሆነ። ቤት ስገባ የባለቤቴን ፊት 10 ቁጥር ላይ ሆኜ አየሁት። "ምን ያፈጥብኛል?" አለች። ያፈጠጥኩት ግን ጆሮዋ አጠገብ ያለው አየር ላይ ነበር።

ካርዴ ላይ 6/60 ብላ ጻፈች። ቁጥር ስለሆነ ዝም ብዬ አላለፍኩትም። ደህና ዓይን ያለው ሰው ከ60 ሜትር የሚለየውን እኔ የምለየው 6 ሜትር ላይ ቆሜ ነው ማለት ነው። ታክሞ፣ ትክክለኛ መነጽርም አድርጎ፣ በተሻለው ዓይኑ ከ6/18 በታች የሚያይ ግን የተረፈውን እይታ ሊጠቀምበት የሚችል ሰው ሎው ቪዥን አለው ይባላል። ዓይነ ስውር አይደለም፤ ደህናም አይደለም። መሃል ቤት ነው። እናቴ እንዲህ ያለውን ሰው "ዓይኑ ደክሟል" ነበር የምትለው። እሱ ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ምን መሥራት ነው ያቃተዎት?"

"ማየት።"

"እሱንማ ለካነው። አይተው ምን ሊሠሩ?"

አሰብኩ። የእድር መዝገብ። 100 ብርን ከ200 መለየት። ቡና ሳልደፋ መቅዳት። የስልኬን መልእክት ማንበብ። ጎረቤቴን ከሩቅ አውቄ ቀድሜ ሰላም ማለት። አምስቱንም ጻፈችና "የትኛውን እናስቀድም?" አለችኝ። መዝገቡን አልኳት። ሌላው ሁሉ የኔ ነው፤ መዝገቡ የሰው ነው።

ማጉያውን በደንብ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚጥለው። እኔም ጥያለሁ። መርካቶ ከአንድ ሱቅ ሳህን የምታህል አጉሊ መነጽር በ250 ብር ገዝቼ ነበር። ትልቅ ከሆነች ታጎላለች ብዬ። ምንም አላደረገችልኝም። ሲስተር ከመሳቢያዋ ያወጣቻት የሻይ ብርጭቆ አፍ እንኳ አትሞላም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መስታወቷ በሰፋች ቁጥር ጉልበቷ ይደክማል፤ ኃይለኛዋ ትንሿ ናት። ጠርዟ ላይ 16 ዳይኦፕተር ይላል፤ የመስታወት ጉልበት መለኪያ ነው። ያንን ለ4 አካፍሉት፤ 4 እጥፍ ታጎላለች። 100ን ለ16 ስታካፍሉ ደግሞ ከወረቀቱ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደምትያዝ ታገኛላችሁ። 6 ከሩብ። እንዲህ ያለ ሂሳብ ያለበት ሕክምና አይከፋኝም።

አያያዙ ግን በሂሳብ አይገኝም። አሮጌ ጋዜጣ ሰጠችኝ። መስታወቷን ዝም ብዬ አየር ላይ ያዝኳት፤ ሁሉም ነገር ፈሰሰ። "ወረቀቱ ላይ ያስተኟት" አለች። አስተኛኋት። "አሁን ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ያንሷት።" ፊደሉ እያበጠ፣ እያበጠ መጣና አንድ ቦታ ላይ ጥርት አለ። ትንሽ ሳልፍ እንደገና ፈሰሰ። "ይመለሱ። እዚያ ላይ ያቁሟት። ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ። አሁን ፊትዎን ያስጠጉ።" ይህን አልጠበቅኩም። እኔ መስታወት ይዞ ራቅ ማለት ነበር የሚመስለኝ። ፊቴን ሳስጠጋ መስኮቱ ሰፋ። ቅድም ሁለት ፊደል ብቻ ነበር፤ አሁን አንድ ሙሉ ቃል። "ጨረታ" ይላል። በሕይወቴ ጨረታ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን ዋጋ የሌለው ነገር ነው። ጥቁር ካርቶን ወስዳ መሃሉን በምላጭ ቀደደችው፤ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ቀጭን መስኮት። መዝገቡ ላይ ታኖሩታላችሁ፤ የአንድ ሰው ስምና መዋጮ ብቻ ይታያል። የቀረው ነጭ ወረቀት ዓይን ላይ አያንጸባርቅም፣ መስመርም አይጠፋም። የጎረቤቴን 8 ያጣሁት ከላይና ከታች ካሉት ቁጥሮች ጋር ተደባልቆብኝም ጭምር ነው። አሁን ሦስት ካርቶን አለኝ። አንዱን ባለቤቴ ለመዝሙረ ዳዊቷ ወሰደችው፤ ዓይኗ ደህና ነው፣ ብቻ ወደደችው።

ስለ መብራት አጭር ነው። መስኮቱ ከፊት ለፊት አይሁን፤ ከጎን ወይም ከትከሻ በላይ ይምጣ። ትልቅ አምፖል ጣሪያ ላይ ከመስቀል ትንሿን ወረቀቱ አጠገብ ማምጣት ይሻላል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱት ብርሃኑ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። መብራት ኃይል ከፈቀደ።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ነገር ደግሞ ለኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው ቤት የተሠራ እስኪመስለኝ ቀላል ነው። ቡና በነጭ ሲኒ፣ ወተት በጥቁር ኩባያ። የደረጃችን ጠርዝ ቢጫ ቀለም ተቀባ። 100 ብር አንዴ ታጥፎ፣ 200 ብር ሁለቴ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ 50 አይታጠፍም። ልጄ ስልኬን ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል አደረገችልኝ፤ ፊደሉንም አሳደገችው። ይህን የምጽፈው በሱ ነው። ስክሪኑ ላይ በአንዴ አራት ቃል ብቻ ይገባል። አረፍተ ነገሬ ካጠረባችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሲስተር አንድ ቅጠል የካሬ ደብተርም ሰጠችኝ። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለችው። ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ። በየቀኑ አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ ነጥቧን አያለሁ። መስመሮቹ ከወትሮው የተለየ ከጎበጡ ወይም አዲስ ጥላ ከመጣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ አለብኝ። ደረቁ ዓይነት አንዳንዴ ወደ እርጥቡ ይለወጣል፤ እርጥቡ ደግሞ መርፌ አለው፣ ቶሎ ከተደረሰበት። ክሊኒኩ ይህንንም አልነገረኝም ነበር። ለሬቲና ሐኪም በዓይን ሕክምና ስሙ ወደቆየው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሪፈር ጽፋልኛለች። እሷ የምትሠራውንና የማትሠራውን ታውቃለች። ይህን እወድላታለሁ።

የሚቀጥለውን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ሦስት ቀን አስቤያለሁ። ሦስተኛው ቀጠሮዬ ላይ ሲስተር በሩን ዘጋችና ስለ እንቅልፍ እንደሚጠይቅ ሰው "የሌለ ነገር ይታይዎታል?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ይታየኛል። ማታ ማታ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የአጥር ሽቦ ይዘረጋል። አንዳንዴ ነጭ ጋቢ የለበሱ አጫጭር ሰዎች ተሰልፈው ያልፋሉ። ድምፅ የላቸውም፤ ወደኔም አያዩም። ለማንም አልነገርኩም ነበር። ባለቤቴ ብትሰማ ጸበል ነው የምትወስደኝ። ጸበሉን አልጠላም፤ የጠላሁት የጎረቤቱን ወሬ ነው። ዓይነ ጥላ ነው ይሉኛል። እኔ ራሴ አእምሮዬ እየሄደ ነው ብዬ ነበር።

እይታው በደከመ ሰው ላይ የሚያጋጥም ነው አለችኝ። ዓይን መላክ ያቆመውን አንጎል ከራሱ ይሞላዋል። እብደት አይደለም። ሻርል ቦኔ የሚባል የጄኔቫ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ አያቱ ጽፎታል፤ ዛሬም በሱ ስም ይጠራል። አያቱ ዓይናቸው በሞራ የደከመ፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ሲመጡብኝ ዓይኔን ቶሎ ቶሎ እንዳርገበግብ፣ ግራና ቀኝ እንዳይ፣ መብራት እንዳበራ ነገረችኝ። "ድምፅ ካሰሙ ወይም ካዘዙዎት ግን ይንገሩኝ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።" የዚያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ጋቢያቸው ንጹሕ ነው?" አለችኝ።

ወደ ቀረው ኮከብ። በሩ ላይ "የዓይን ክፍል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፊደሉ ቀጭን፣ ቀለሙ ውሃ ሰማያዊ፣ ከፍታው ከራሴ በላይ። የዓይን ክፍል! መጀመሪያ የገባሁት ክትባት ክፍል ነው፤ ሕፃን ያቀፉ እናቶች ሳቁብኝ። የቀጠሮ ካርዱም በቀጭን እስክርቢቶ ነው የሚሞላው። ይህን ስነግራት አፈረች፤ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮዬን በማርከር ትጽፍልኛለች። የበሩ ወረቀት ግን እንዳለ ነው። ለጽሕፈት ዕቃ ክፍል ጥያቄው ቀርቧል ተብሏል።

ሌላው፣ ሲስተር ብቻዋን ናት። ስልጠና ስትሄድ ክፍሏ ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። መሳቢያዋ ውስጥ ያሉት ሦስት ማጉያዎች ደግሞ ለመሞከሪያ ብቻ ናቸው፤ አይሸጡም፣ አይታዋሱም። እግር ያላትና መብራት ያላት አንዷ ለሚንቀጠቀጥ እጅ የምትሻል ነበረች፤ ባትሪዋ ሞቷል። ልጄ የመነጽር ቤት ስታካልል ከርማ ባለ 16ቷን በ1,200 ብር አገኘችልኝ። የመርካቶዋን ሳህን የልጅ ልጄ ጉንዳን ያይባታል።

አንድ ቁጥር ልጨምር፤ ልማድ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ደግሞ ሎው ቪዥን ያለባቸው ናቸው ይላል። እድራችን 240 አባል አለው። 3.7 በመቶው ወደ 9 ሰው ይመጣል። ጥናቱ የቆየ ነው፤ በዚያ ላይ የእድር አባል ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። ቁጭ ብዬ በስም ቆጠርኩ። ገንዘብ ሲከፍል ብሩን ለኔ ዘርግቶ "አንተው ምረጥ" የሚል። ወንበር ሳይዳስስ የማይቀመጥ። ሰላምታ የማይመልስ፣ ኮራ የምንለው። 11 ደረስኩ። በአገር ደረጃ የመጀመሪያው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ ይወገዳል። መነጽር ብቻ ያጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ሁሉንም "ሂዱ ታዩ" አልኳቸው። አራቱ ሄደዋል። አንዱ ሞራውን አስወጥቶ አሁን የመዝገቡን ስህተት ከኔ ቀድሞ ያያል። አስቸግሮናል።

መዝገቡ ተመልሶልኛል። በጥቁር ማርከር፣ በትልቁ ነው የምጽፈው። ድሮ አንድ ገጽ 30 ስም ይይዝ ነበር፤ አሁን 9 ነው። ባለፈው ስብሰባ ሰብሳቢው "ጋሼ፣ ደብተር ጨረሱብን እኮ" አሉኝ። እውነት ነው። 3 ተጨማሪ ደብተርና 2 ማርከር ገዝተናል። ወጪ አድርጌ መዘገብኩት። ያ 8 ወር የከፈለው ጎረቤቴ አንገቱን አስግጎ አየና "ይሄ 3 ነው 8?" አለኝ።

"3" አልኩት።